ያልተገኘ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፦ ካታሎግ፣ ምደባና የአማርኛ መረጃ ፍለጋ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት የሚባል አካባቢ አለ። የታክሲ ረዳት ስሙን ሲጣራ ግር የሚለው ተሳፋሪ የለም፤ ድምፁ አንድ ነውና። ስሙ በጽሑፍ ሲሰፍር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ «ኃይሌ» ሲል ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሃይሌ»፣ አራተኛው «ሐይሌ» ብሎ ይጽፈዋል። በአማርኛ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ስድስቱም በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ ለመጀመሪያው ፊደል ብቻ ስድስት አማራጮች አሉ። ከእንግሊዝኛ የመጣው «ጋርመንት» ደግሞ «ጋርሜንት» ተብሎም ይጻፋል። ስድስት በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት ይሆናል። አንድ ሰፈር አሥራ ሁለት የጽሑፍ ስም ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ለሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ዓይናችን ሳይቸገር ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባል። ለኮምፒዩተር ግን «ሀ» እና «ኃ» የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ሲሆን የ«ሐ» 4624፣ የ«ኀ» 4736፣ የ«ኃ» ደግሞ 4739 ነው። ኮምፒዩተር የሚያስተያየው ቁጥርን ከቁጥር ነው፤ 4608 ከ4739 ጋር እኩል እንዳልሆነ ደግሞ ያለ ጥርጥር ያውቃል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተሠራው የገበያ ማዕከል መሄዱን የከተማው ነዋሪ ያስታውሳል። ስለዚህ ገበያ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣች ተማሪ «ሀይሌ ጋርመንት» ብላ ብትፈልግና የፍለጋ ሥርዓቱ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያስተያይ ቢሆን፣ «ኃይሌ ጋርመንት» ብለው የጻፉት ሁሉ ይሰወሩባታል። «ጃንሜዳ» ወይም «አትክልት ተራ» በሚል ስም ብቻ የተጻፉትም እንዲሁ። ተማሪዋ «በዚህ ርእስ የተጻፈ ነገር የለም» ብላ ልትደመድም ትችላለች። ጽሑፉ አልተቃጠለም፤ ምስጥም አልበላውም። ነገር ግን ለእርሷ እንዳልተጻፈ ነው።

የተጻፈውን ለፈላጊው የማድረስ ጥበብ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው። ካታሎግ፣ ምደባና የመረጃ ፍለጋ የዚህ ሳይንስ ሦስት ክፍሎች ናቸው። ቀጥለን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከቋንቋችንና ከስሞቻችን ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚገጥማቸው፣ መፍትሔውም የት እንዳለ እንመለከታለን።

የመዘርዘር ጥበብ

መጻሕፍትን የመዘርዘር ሥራ ከመጻሕፍት ጋር እኩል ዕድሜ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ካሊማኮስ የተባለው ሊቅ በእስክንድርያ ስለነበሩ የግሪክ ድርሰቶች «ፒናኬስ» የተሰኘ ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዝርዝሩ ብቻውን 120 ጥቅልሎችን እንደሞላ ይነገራል። በአገራችንም አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ንዋየ ቅድሳታቸውንና መጻሕፍታቸውን የሚቆጥሩ ዝርዝሮችን በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር። ዝርዝሩ ንብረትን ለመጠበቅ ቢታሰብም ዛሬ ለተመራማሪው በዚያ ዘመን የትኛው መጽሐፍ የት ይገኝ እንደነበር ይነግረዋል።

የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በዘመናዊ መንገድ ካታሎግ በማድረግ ረገድ ታላቅ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ በአገር ውስጥ የሚገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ፎቶግራፍ ተነሥተው አንድ ቅጂ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። የፊልሞቹ ካታሎግ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት በአሥር ቅጾች ታትሟል። ሥራውን ዊልያም ማኮምበር ጀምረውት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ቀጥለውበታል።

የብራና ካታሎግ አዘጋጅ ሥራ ከባድ ነው። የታተመ መጽሐፍ ርእሱን፣ ደራሲውንና ዓመቱን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይናገራል፤ ብራና ግን ብዙ ጊዜ የርእስ ገጽ የለውም። በአንድ ሽፋን ውስጥ ገድል፣ ተአምርና መልክእ አብረው ተጠርዘው ሊገኙ ይችላሉ። ባለሙያው እያንዳንዱን ድርሰት ለይቶ፣ መነሻ ቃሉን መዝግቦ፣ ከጸሐፊው ማስታወሻና ከእጅ ጽሕፈቱ ዘመኑን ገምቶ ያስቀምጣል። ይህ ካልተደረገ በአንድ ጥራዝ መካከል ያለ ብርቅ ድርሰት መኖሩን ከባለቤቱ በስተቀር የሚያውቅ አይኖርም።

አንድ መጽሐፍ፣ አንድ መደርደሪያ

ካታሎግ «ምን አለ?» የሚለውን ሲመልስ፣ ምደባ «ከምን ጋር ይቀመጥ?» የሚለውን ይመልሳል። በዓለም እጅግ ከተስፋፉት የምደባ ሥርዓቶች አንዱ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የዲዊ ዴሲማል ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሰውን ዕውቀት በአሥር ዐበይት ክፍሎች፣ እያንዳንዱን ክፍል በአሥር ንዑስ ክፍሎች፣ እነዚህንም እንደገና በአሥር እየከፈለ ከ000 እስከ 999 ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የአሥርዮሽ ነጥብ እየተጨመረ እስከሚፈለገው ዝርዝር ይወረዳል። የአፍሪካ ታሪክ በ960፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ በ963 ሥር ይገኛል።

አንባቢያን ቤተ መጻሕፍት በሚሄዱበት ጊዜ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንጋብዛለን። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በአንድ መደርደሪያ ለማግኘት የሚሞክር ሰው በዲዊ ሥርዓት አይሳካለትም። አማርኛና ግእዝ ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር በሴማዊ ቋንቋዎች ቁጥር በ492 ይቀመጣሉ። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በ493 ናቸው። ኑዌርንና አኙዋክን የመሳሰሉት ደግሞ ሩቅ ተሻግረው ከሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች ጋር በ496 ይገኛሉ። ሥርዓቱ ቋንቋን የመደበው በዘር ግንዱ እንጂ በሚነገርበት አገር አይደለም። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ማንኛውም ምደባ አንዱን ዝምድና አጉልቶ ሌላውን ያደበዝዛል።

ወደ ኃይሌ ጋርመንቱ ገበያ እንመለስ። ስለ ገበያው የሚተርክ መጽሐፍ ቢጻፍ የት ይቀመጣል? ትኩረቱ የአትክልት ልማት ከሆነ በ635፣ ንግድ ከሆነ በ381፣ የከተማ ማኅበረሰብ ከሆነ በ307፣ የአዲስ አበባ ታሪክ ከሆነ በ963 ሊመደብ ይችላል። መጽሐፉ ግን አንድ አካል ስለሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ይቆማል። ከዚህ ችግር የሚያወጣው ካታሎግ ነው። መጽሐፉ ባለበት ቆሞ፣ በካታሎጉ ውስጥ ግን በደራሲው፣ በርእሱ፣ በቦታው ስምና በየርእሰ ጉዳዩ ብዙ በሮች ይከፈቱለታል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጧቸው አምስት የሙያው ሕግጋት አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ስለመቆጠብ የሚናገር ነው። የካታሎግ በሮች ሲበዙ የአንባቢ ጊዜ ይተርፋል።

ስማችንና መዝገቡ

በሩ ግን በተሳሳተ ስም ከተከፈተ ማንንም አያስገባም። የምዕራባውያን ካታሎጎች የተገነቡት በቤተሰብ ስም ላይ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ይቀድማል፣ የተጸውዖ ስም ይከተላል። በእኛ ባህል ደግሞ አንድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ደንቡን የሚያውቁ ባለሙያዎች የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡ ይመዘግባሉ። ደንቡን የማያውቁ ሰዎችና ብዙ የኮምፒዩተር ቅጾች ግን ሁለተኛውን ስም ወደፊት ያመጡታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁና በአማርኛ የመረጃ ፍለጋ ላይ ቀዳሚ ጥናት ያሳተሙት ነጋ ዓለማየሁ በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች መስለው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በ«ሐ» ወይም በ«ነ» ሥር የሚፈልጋቸው አንባቢ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የፊደል ቅደም ተከተልም የራሱ ጣጣ አለው። በሀለሐመ ተራ «ሀ» አንደኛ፣ «ሐ» ሦስተኛ ነው፤ «ኀ» ደግሞ እነ «ሸ» እና «ቸ» ሲቆጠሩ አሥራ ሦስተኛ ይሆናል። በካርድ ካታሎግ ዘመን አንድ ደራሲ በሦስቱም መሳቢያዎች ተበታትኖ ሊገኝ ይችል ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን ስም እንኳ ብንወስድ ለ«ሐ» ስድስት፣ ለ«ስ» ሁለት፣ ለ«ዓ» አራት፣ ለ«ሁ» ሦስት አማራጭ ፊደላት አሉ። ስድስት በሁለት፣ በአራትና በሦስት ሲባዛ 144 ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከእነዚህ አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ ነገር ግን ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ በሥራ ላይ ቢውሉ አንድን ደራሲ ሦስት ሰው ለማድረግ ይበቃሉ። «ኃ/ማርያም» እና «ገ/ሥላሴ» የመሳሰሉት አሕጽሮቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ይበልጥ ያድጋል።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ይህን ቁጥር እንዳለ የሚወስድ ሥርዓት መጽሐፉን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1958 የታተመ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በዚህም ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይጎትተዋል። በየዓመቱ የወጡ ጽሑፎችን ለሚቆጥር ተመራማሪ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ፍለጋ እንዴት ይመዘናል?

ኮምፒዩተር ሲመጣ ካርዱ ቀርቶ ሙሉው ጽሑፍ ራሱ የሚፈለግ ሆነ። የፍለጋ ሥርዓት ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር ሰነዶችን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አያነብም። አስቀድሞ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው ዓይነት ማውጫ ያዘጋጃል፤ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ሰነዶች ውስጥ እንደሚገኝ ይመዘግባል። ጥያቄ ሲመጣ የሚመለከተው ይህን ማውጫ ነው።

የፍለጋ ውጤት የሚለካው በሁለት መስፈርቶች ነው። የመጀመሪያው ምሉዕነት ሲሆን፣ ሊገኙ ከሚገባቸው ሰነዶች ስንቱ ተገኙ የሚለውን ይመልሳል። ሁለተኛው ጥራት ሲሆን፣ ከተገኙት መካከል ስንቱ በእርግጥ የሚፈለጉ ናቸው የሚለውን ይመልሳል። ለምሳሌ በአንድ ስብስብ ውስጥ ስለ ኃይሌ ጋርመንት የሚናገሩ 20 ሰነዶች አሉ እንበል። «ሀይሌ ጋርመንት» ብለን ፈልገን 10 ሰነዶች ብናገኝና 8ቱ ብቻ ጉዳዩን የሚመለከቱ ቢሆኑ፣ ጥራቱ ከአሥር ስምንት፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። ምሉዕነቱ ግን ከሃያ ስምንት፣ 40 በመቶ ብቻ ይሆናል። የጥራት ጉድለት ለዓይን ይታያል፤ የማይፈለግ ሰነድ ከፊታችን ይቀርባልና። የምሉዕነት ጉድለት ግን አይታይም፤ ያልመጣውን ማን ያየዋል? አደጋውም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው የመለኪያ ዘዴ መሠረት የያዘው ሲሪል ክሌቨርደን በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ ባካሄዷቸው ሙከራዎች ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ሁለተኛው ሙከራ 1,400 ሰነዶች ተሰብስበው፣ ለተዘጋጁት ጥያቄዎች የትኞቹ ሰነዶች መልስ እንደሚሆኑ አስቀድሞ ተለየ። ከዚያም የተለያዩ የማውጫ ዘዴዎች ተወዳደሩ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፤ ከሰነዶቹ በቀጥታ የተወሰዱ ነጠላ ቃላት በባለሙያ ከተቀመሩ ውስብስብ የማውጫ ቋንቋዎች አላነሱም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ካረን ስፓርክ ጆንስ አንድ ቀላል ግን ኃይለኛ ሐሳብ አቀረቡ፤ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ዘንድ ከሚገኝ ቃል የበለጠ ክብደት ይገባዋል። ስሌቱ የሰነዶችን ጠቅላላ ብዛት ቃሉ ለሚገኝባቸው ሰነዶች ብዛት አካፍሎ ሎጋሪዝሙን መውሰድ ነው። ከ1,000 ሰነዶች በሁሉም ውስጥ «ነው» የሚለው ቃል ቢኖር፣ 1,000 ለ1,000 ሲካፈል 1፣ ሎጋሪዝሙም 0 ይሆናል። «ጋርመንት» በ10 ሰነዶች ብቻ ቢገኝ ውጤቱ 100፣ በአሥር መሠረት ሎጋሪዝሙ 2 ይሆናል። ስለዚህ ሥርዓቱ «ነው»ን ቸል ብሎ «ጋርመንት»ን ይከተላል። ስሌቱ ግን የሚቆጥረው ቃልን እንደተጻፈ ነው። አንዱ ቃል በአራት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ ለስሌቱ አራት ቃላት ናቸው፤ ሚዛኑም ይዛባል።

ቃል ሲረባ

በአማርኛ ፊደልን ብቻ ማስተካከል ፍለጋውን አይፈታውም፤ ቃሉ ራሱ ይለዋወጣልና። «ከመጽሐፎቻችንም» የሚለው አንድ ቃል «ከ»፣ «መጽሐፍ»፣ ብዛት አመልካች፣ ባለቤትነት አመልካችና «ም» ተዋሕደው የሠሩት ነው። «መጽሐፍ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ይህን ቃል ካላገኘ ተጎድቷል። ግሱ ደግሞ ከዚህ ይጠልቃል። «መዘገበች»፣ «ይመዘግባል»፣ «አስመዘገቡ»፣ «ምዝገባ»፣ «መዝገብ»፣ «ተመዝጋቢ» ሁሉም «ም-ዝ-ግ-ብ» ከሚባሉት አራት ተነባቢዎች የበቀሉ ናቸው። ለውጡ በቃሉ ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በተነባቢዎቹ መካከል ጭምር ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ቃልን ወደ ግንዱ ወይም ወደ ሥሩ የሚመልሱ ፕሮግራሞችን መሥራት ጀመሩ። ነጋ ዓለማየሁና በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ቅድመ ቅጥያንና ድኅረ ቅጥያን በደረጃ የሚያነሣ ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው በ1,221 ቃላት ላይ ሲሞከር 95 በመቶ ገደማ ለሚሆኑት ተገቢውን ግንድ አስገኝቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ548 የአማርኛ ሰነዶችና በ40 ጥያቄዎች ሦስት ዘዴዎችን አወዳደሩ፤ ቃልን እንዳለ መፈለግ፣ በግንድ መፈለግና በሥር መፈለግ። በምሉዕነት ረገድ ግንድ ከቃል፣ ሥር ደግሞ ከግንድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ቅጥያ ማንሣት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ከ» መስተዋድድ ነው ብሎ ሁልጊዜ የሚቆርጥ ፕሮግራም «ከተማ»ን «ተማ» ያደርገዋል፤ «ከሰል»ን «ሰል»፣ «በሬ»ን «ሬ» ያስቀራል። «መ» በ«መስበር» ላይ ተቀጥያ ቢሆንም በ«መዘገበ» ውስጥ የሥሩ አካል ነው። ሥሩ ድረስ መውረድም ዋጋ ያስከፍላል፤ «ጸሐፊ»፣ «መጽሐፍ»፣ «ጽሕፈት» በአንድ ሥር ሲጠቃለሉ ስለ ጸሐፊዎች የጠየቀ ሰው ስለ ጽሕፈት መሣሪያም ይቀርብለታል። ምሉዕነት ሲጨምር ጥራት የሚቀንሰው እንዲህ ነው። ሁለቱን ማመዛዘን የዚህ ምርምር ዘላቂ ጥያቄ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በዚህ መስክ በርካታ ባለሙያዎችን አፍርቷል። በስዊድን አትላች ዓለሙ አርጋውና ላርስ አስከር በአማርኛ ጠይቆ የእንግሊዝኛ ሰነድ ስለማግኘት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ጥላሁን የሻምበል፣ ጆሲያን ሞትና ያረጋል አሰብዬ ከ12 ሺህ በላይ ሰነዶችንና 240 ጥያቄዎችን የያዘ የአማርኛ መፈተሻ ስብስብ ይፋ አድርገዋል። ከ548 ሰነዶች ወደ 12 ሺህ መድረስ ትልቅ እርምጃ ነው። መፈተሻ ስብስብ በሌለበት የትኛው ዘዴ እንደሚሻል የሚወሰነው በግምት ነበርና።

ፊደሉን ሳይነኩ ማገናኘት

ታዲያ ለሞክሼ ፊደላት ምን ይበጃል? ብዙ የአማርኛ ሥርዓቶች የሚከተሉት መንገድ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» መመለስ ነው። በዚህ ዘዴ 144ቱ የደራሲው ስም ቅርጾች አንድ ይሆናሉ፤ የኃይሌ ጋርመንትም «ኃይሌ» አንድ ይሆናል። «ጋርሜንት» ግን ከ«ጋርመንት» ጋር አይዛመድም፤ እርሱ የሞክሼ ፊደል ጉዳይ አይደለምና ሌላ መፍትሔ ይሻል።

ነገር ግን ፊደላቱ ያለ ምክንያት አልተለያዩም። በግእዝ ሥርዓት «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል፣ «ሰአሊ» የሚለምን ነው። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ማለት ሌባ ሆነ ማለት ነው። «ድኅነት» መዳን ሲሆን «ድህነት» ማጣት ነው። ፊደላቱን የሚያዋሕድ ሥርዓት ስለ ነፍስ ድኅነት ለጠየቀ የሥነ መለኮት ተማሪ የድህነት ቅነሳ ሪፖርት ሊያቀርብለት ይችላል።

መፍትሔው አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይመስለንም። ማየትንና መፈለግን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ሰነዱ ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ፤ ለማውጫው ብቻ የተዋሐደ ቅርጽ ይዘጋጅ። ፈላጊው «ድኅነት» ብሎ ከጻፈ በትክክል የገጠሙት ቀድመው፣ በድምፅ ብቻ የገጠሙት ተከትለው ይቅረቡ። በዚህ መንገድ የሊቃውንቱ ሥርዓት አይፈርስም፤ የተራው አንባቢ ፍለጋም አይከለከልም።

ለሰውና ለቦታ ስሞች ደግሞ የካታሎግ ባለሙያዎች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ይኸውም የስም ማመሳከሪያ መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ቦታ አንድ ካርድ ይከፈታል። አንዱ ቅርጽ ዋና ስም ሆኖ ይመረጥና ሌሎቹ «ይህን ተመልከት» በሚል ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። በ«ኃይሌ ጋርመንት» ካርድ ላይ «ሀይሌ ጋርመንት» እና «ኃይሌ ጋርሜንት» ይሰፍራሉ። የ«አትክልት ተራ» ካርድ ደግሞ ፒያሳን፣ ጃንሜዳንና ኃይሌ ጋርመንትን ከየዓመታቸው ጋር ይይዛል። ቦታው ቢለወጥም ታሪኩ አይቆራረጥም።

ከፊደል በፊት የነበረውን ችግር ደግሞ ዩኒኮድ በከፊል ፈትቶታል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱን መለያ ይጠቀም ነበር። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን ተጽፈው ወደ ዩኒኮድ ያልተመለሱ ሰነዶች ዛሬም በፍለጋ አይገኙም።

ምን ያጎድልብናል?

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ስሙ በ«ሀ» የሰፈረ ታማሚ በ«ኃ» ሲፈለግ ካርዱ ካልተገኘ ሐኪሙ ያለፈ ሕክምናውን ሳያውቅ ሊያክመው ይገደዳል። በፊደል ልዩነት ያልተገኘ የመመረቂያ ጽሑፍ በሌላ ተማሪ ጊዜና ገንዘብ እንደገና ይሠራል። ከብዙ ጽሑፍ ተምረው የቃላትን ዝምድና የሚያሰሉ የዘመናችን የኮምፒዩተር ሞዴሎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ለአማርኛ የሚያገኙት ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ ከሚያገኙት እጅግ ያነሰ ነው፤ ያ ጥቂቱ ደግሞ በፊደል ልዩነት ሲከፋፈል ይበልጥ ይሳሳል። በቋንቋችን የተጻፈው ካልተገኘ፣ ተማሪው በሌላ ቋንቋ የተገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ ቀስ በቀስም በአማርኛ ዕውቀት እንደሌለ ማመን ይጀምራል።

ስለሆነም ተማሪዎች ከዛሬ ጀምረው ሊያደርጉት የሚችሉትን እንጠቁማለን። የሰፈራችሁን ስም ውሰዱ፤ በሱቅ ሰሌዳ፣ በጋዜጣ፣ በደረሰኝና በመጽሐፍ እንዴት እንደተጻፈ መዝግቡ። ቅርጾቹን ቁጠሩ፤ እያንዳንዱን በቤተ መጻሕፍታችሁ የኮምፒዩተር ካታሎግ ፈልጉና የትኛው ስንት ሰነድ እንዳስገኘ በሠንጠረዥ አስቀምጡ። ከዚያም ሁሉንም ቅርጾች ደምራችሁ የአንዱን ቅርጽ ድርሻ አስሉ። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ካለ ሞክሼ ፊደላትን የሚያዋሕድ አጭር ፕሮግራም ሠርቶ ውጤቱን ያነጻጽር። ከሁሉም በፊት ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስታስረክቡ ስማችሁን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ፤ የቦታ ስሞችን ሌሎች አጻጻፎች በቁልፍ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ፤ ዘመኑንም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዓመታት በኋላ ጽሑፋችሁን የሚፈልግ ሌላ ተማሪ ደግሞ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ያገኘዋል።